እልል ያልተባለለት ላንድሮቨር

ግቢው ውስጥ መኪና የቆመበት ሰው ምክር አይቸግረውም። ሌላ ነገር ሁሉ ሊቸግረው ይችላል፤ ባትሪው፣ ጎማው፣ ናፍጣው፣ መንገዱ። ምክር ግን በየቀኑ ከአጥር ውጭ ይወረወርለታል። አንዱ ሽጠው ይላል። ሌላው እንዳትሸጠው፣ ብረቱ የድሮ ብረት ነው ይላል። ሦስተኛው በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያይና ምንም ሳይናገር ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ምን ማለቱ ነው? የሚናገር ይናገር፣ የማይናገር አይነቅንቅ!

እኛ ግቢ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሞ የከረመው የአባቴ ላንድሮቨር ነው። አባቴ እንደ ድሮ ፈረሰኛ ስም አውጥቶለት «አባ ዳገት» ይለው ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ የማይደፍረው ዳገት ስለሌለ ነው ይላል። እርግጥ ቁልቁለት ላይ ከዳገቱ የበለጠ ደፋር ነበር፤ ፍሬኑ አይዝማ። አባ ዳገት ያላጓጓዘው ነገር የለም። ሙሽራ አምጥቷል፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አድርሷል፣ የጉና ድንች ተሸክሟል፣ አስከሬንም ጭኗል። አባቴ ሲሞት ሸራ አልብሰን ጓሮ አቆምነው። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገለጥ እያደረገች የሾፌሩን ወንበር በእጇ ትጠርግ ነበር። አንድ ቀን ለምን ትደክሚያለሽ ብላት፣ ሰው ይቀመጥበት የነበረ ቦታ አቧራ ሲወርሰው ዝም አይባልም አለችኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ሰኞ ማለዳ ከገሳይ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። አውቶቡስ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስልክም ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይተኛል። ሰውየው ይዞት የመጣው መልእክት አጭር ነው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ እንጉዳይ፣ ታማ ከተኛች ሳምንቷ ነው። እህል አትቀምስም። «ጥሩወርቅን ሳላያት» እያለች ነው አለን። ጥሩወርቅ እናቴ ናት። በመንገዱ ምክንያት እህትማማቾቹ ከተያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

እናቴ አላለቀሰችም። መቀነቷን አጠበቀች፣ በሶ በአቁማዳ ቋጠረች፣ በቅሎ ፈልጉልኝ አለች። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ኑሩ የምትለውን ሰምቶ የራሱን በቅሎ ጭኖ መጣ። ኑሩ አብሮ አደጌ ነው። በዚያው ቀን ለንግድ ወደ ገሳይ ይሄድ ስለነበር፣ እኔ በእግሬ እየሄድኩ እማማን በበቅሎ አደርሳቸዋለሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንገባለን አለ። እናቴ አንድ እግሯን እርካቡ ላይ አሳረፈች።

እኔ ነኝ ያስወረድኳት።

እንዴት ብዬ እሺ ልበል? አባ ዳገት ጓሮ ቆሞ፣ የባለ መኪና ሚስት በሰው በቅሎ ልቅሶ ቤት እንደሚሄድ እንግዳ ተንጠልጥላ ትሂድ? የአባቴ አጥንት አይወቅሰኝም? ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በገዛ መኪናሽ፣ በክብር ትደርሻለሽ ብዬ ማልኩላት። እናቴ በቅሎዋን አየች፣ እኔን አየች። በጎረቤት ፊት ልታሳፍረኝ አልፈለገች መሰለኝ፣ እግሯን ከእርካቡ አወረደች። ኑሩ በቅሎውን እየሳበ ብቻውን ሄደ።

አያ ጥጋቡን አስጠራሁ። አያ ጥጋቡ አባቴ ጋ ረዳት ሆነው ጀምረው ኋላ መካኒክ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሸራውን ስንገልጠው አባ ዳገት ባዶውን አልከረመም። የኋላው ወንበር ውስጥ አይጥ ወልዳለች፤ ማርሹ ሥር አንዲት ደፋር ዶሮ ስድስት እንቁላል ጥላለች። ጎማዎቹ መሬት ላይ ተነጥፈዋል። አያ ጥጋቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሞተሩን እጅ ከነሡት በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ አንተ ፊዚክስ የምታስተምረው እዚሁ ከተማ ነው ወይስ ሌላ አገር ነው አሉኝ። እዚሁ ነው ስላቸው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ስምንት ዓመት ሲቆም የሚሆነውን እሱ ትምህርት አይናገርም ወይ አሉ።

ሰኞና ማክሰኞ እንዲህ አለፉ። ባትሪ ከወፍጮ ቤት ተዋስን። የናፍጣ ታንከሩን አውርደን አጠብን። ናፍጣ ከኑሩ ሱቅ በጀሪካን ገዛን፤ እሱ ስላልነበረ ሚስቱ ሸጠችልን። እናቴ በሶዋን አጠገቧ አድርጋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ማስነሻው ሞተሪኖ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ዝም ሲል መልሳ ትቀመጣለች። ብድግ ያለችው ሁሉ እርምጃ ቢሆን ኖሮ ገሳይ በእግሯ በደረሰች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባ ዳገት ተነሳ! አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጭሱን ሰፈሩ ላይ ለቀቀውና ግቢው ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት በሙሉ ወጣ። እኔ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኜ እጄን አነሣሁ። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንድ ሰው እልል አላለም። እኛ ሰፈር እንኳን መኪና ተነስቶ፣ የጠፋች ፍየል ስትገኝ እልል የሚል ሕዝብ ነው። የዚያን ዕለት ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ወንዶቹ ጎማውን ያያሉ። ከመንገድ መግባቱ የነበረው ኑሩ፣ የበቅሎውን ልጓም እንደያዘ አጥሩ ጥግ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ምቀኞች! አልኩ በልቤ። ሰው ሲወድቅ ሊያነሣህ ይሮጣል፤ መኪናህ ሲነሳ ግን ደሙ ይፈላል ብዬ ስለ ምቀኝነት ረጅም ሐሳብ አሰብኩ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አንዱም እውነት አልሆነም እንጂ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ስታይ አይቻታለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። መሽቷልና ነገ በጠዋት እንሄዳለን ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ልጠይቅ ትምህርት ቤት ደርሼ ስመለስ አባ ዳገት አልነሳ አለ። አያ ጥጋቡ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈቱት። ውሃ! ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ኑሩ ሱቅ ገብቼ አብሮ አደጌ ነህ፣ በእናቴ መንገድ ላይ ውሃ ትሸጥልኛለህ አልኩት። ኑሩ ሌላ ጀሪካን ከጓዳ አውጥቶ፣ ሳንቲም አልቀበልህም፣ ይቅር በለኝ አለና ሰጠኝ። አያችሁ? ጥፋተኛ ባይሆን ይቅርታ ለምን ይጠይቃል? ፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ፤ ከምክንያት ወደ ውጤት እንዴት እንደሚኬድ አውቃለሁ።

አያ ጥጋቡ ታንከሩን እንደገና አውርደው አጠቡ። ሰኞ በሁለት ሰዓት የሠሩትን ሥራ አሁን ሁለት ቀን ወሰደባቸው። አንዲት ፊልትሮ ይዘው ፀሐይ ላይ ቁጭ ይሉና ያገላብጧታል፣ ይጠርጓታል፣ ደግሞ ያገላብጧታል። ቶሎ በሉ እንጂ አያ ጥጋቡ፣ አክስቴ እኮ እየጠበቀች ነው ስላቸው ቀና ሳይሉ፣ እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ ይደርሳል ይላሉ። የሚገርመው እናቴም አትቸኩልም። ብድግ ማለቱን ትታዋለች። በሶውንም ደጃፉ ላይ አላየሁትም። ዕድሜ ትዕግሥት ይሰጣል ብዬ አደነቅኋት።

ዓርብ ማምሻውን ተነሳ። ቅዳሜ ጠዋት አያ ጥጋቡን ልጠራ ሄጄ ስመለስ አባ ዳገት ሞቶ ጠበቀኝ። ፊልትሮው ሲፈታ አሁንም ውሃ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የውሃና የናፍጣ ድብልቁን በጠርሙስ ይዤ ገበያው መሐል ኑሩን አገኘሁትና፣ አገር እየሰማ፣ ይህ ሰው ውሃ ይሸጣል፣ አክስቴ ብትሞት በእጁ ነው አልኩ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ኑሩ ራሱን አቀረቀረ። አንዳንዶች እኔን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መታለሌ አሳዝኗቸው መሰለኝና ድምፄን ጨመርኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈሩ ሰው በሩን ሞልቶታል። ከፊት የእናቴ የነፍስ አባት ቄሱ፣ ቀጥሎ ከአንበሳሜ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የገባው አጎቴ፣ አያ ጥጋቡ፣ ከኋላም ኑሩ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? አጎቴን ሳይ ደስ ብሎኝ፣ እንኳን መጣህ፣ ዛሬ አባ ዳገት ከተነሳ አብረን ሄደን አክስቴን እንጠይቃታለን አልኩት። አጎቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

መርዶ ነበር። አክስቴ እንጉዳይ ያረፈችው ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ የተቀበረችውም ያንኑ ቀን። ኑሩ ቀብሯት ነው የመጣው። ሞተሩ ሲነሳ ያ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር። ወንድሟ ከአንበሳሜ ሳይደርስ፣ ቄሱ ሳይኖሩ፣ ለእናቴ በየደጃፉ አይነገርም ተብሎ ሰፈሩ ተማክሮ አፉን ዘጋ። አያ ጥጋቡ ፊልትሮዋን ፀሐይ ላይ ያገላበጧት እናቴ መርዶውን ሳትረዳ ለቅሶ ቤት ደርሳ እንዳትደነግጥ ብለው ነው። ኑሩም ገበያ መሐል ሳዋርደው ያቀረቀረው ለዚሁ ነው። በኋላ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝና፣ መርዶህ ኪሴ ውስጥ እያለ ስለ ናፍጣ ልከራከርህ እንዴ አለኝ።

ከሰዉ ሁሉ ግን ቀድማ የወጣችው እናቴ ናት። ማንም አፉን ሳይከፍት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ ብቅ አለች። ግቡ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነበር አለች። ያኔ ለቅሶው ቤቱን አናጋው።

ረፋዱ ላይ፣ ሰዉ ትንሽ ሰከን ሲል፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሞተሩ ተነስቶ እልል የሚል ሰው ሲጠፋ ገባኝ አለች። ያን ሁሉ ፊት አይቼ አወቅሁ። ከሄድን ይነግሩኛል፤ ካልሄድን የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ አንተ ስትወጣ ጌሾ በማጠጣበት ጣሳ ናፍጣው ላይ ውሃ ጨመርኩበት አለችኝ። እማዬ፣ ለምን ስላት፣ እህቴን አራት ቀን አቆየኋት ልጄ፣ ከዚያ በላይ አልቻልኩም አለችኝ።

እኔ ዘጠነኛ ክፍሎችን ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ አስተምራለሁ። ከደብረ ታቦር ገሳይ በበቅሎ አንድ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት የወጣ ሰው ሰኞ ማታ ይደርሳል። አክስቴ እስከ ማክሰኞ ማለዳ ነበረች። ይህን ለማስላት ጠመኔ አያስፈልግም። ሰፈሩም አስልቶታል፤ እስከ ዛሬ ግን አንድ ሰው እንኳ አልተናገረኝም። የሚናገር ቢገኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሰኞ ለለቅሶ ተነሳን። ኑሩ እንደገና የታጠበውን ታንከር በራሱ ጀሪካን ሞላው። አያ ጥጋቡ ቁልፉን ገና ሲነኩት አባ ዳገት በመጀመሪያው ተነሳ፤ አንዴም አላስነጠሰ። እናቴ ከፊት፣ አጎቴና ቄሱ ከኋላ ተቀመጡ። ከተማውን ወጥተን የጉና ብርድ በመስኮቱ ሲገባ፣ ስምንት ዓመት እንደቆመ መኪና ሳይሆን ትናንት እንደተገዛ ነበር የሚሄደው። እኔም ያለፈውን ሳምንት በአንድ ጠዋት ልመልሰው ያሰብኩ ይመስል ነዳጁን ረገጥኩት።

እናቴ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

«ቀስ በል ልጄ፤ ማን ይጠብቀናል ብለህ ነው?» አለችኝ።