ጋሽ አድማሱ ቁጣ የተዉ ጊዜ

መስከረም ሲጠባ አዲስ ሰው ለመሆን የሚነሣ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሲጋራ የሚተወው፣ ማለዳ መሮጥ የሚጀምረው ማንንም አይጎዳም። የቦንጋው አለቃችን ጋሽ አድማሱ ግን አንድ መስከረም ላይ ቁጣ ተዉ፤ መተዋቸውን ደግሞ ለማንም አልነገሩም።

ጋሽ አድማሱ ሲቆጡ መናኸሪያ ድረስ ይሰማ ነበር። ዜና ጸሐፊ ነኝና ሳላጣራ አልናገርም፤ መናኸሪያ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሺሺንዳ ከተማ የተካሄደውን ስብሰባ ዋጫ ከተማ ተካሄደ ብዬ የጻፍኩ ዕለት አስጠሩኝ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ገባሁ።

“አይዞህ ልጄ፣ ሰው አይደለህ? ትሳሳታለህ” አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

ግምገማ ሳምንት ሲቀረው አለቃ በፈገግታ የሚሸኘው ማንን ነው?

ጸሐፊያቸው እትዬ ብርቄ ፊቴን አይተው፣ “‘ልጄ’ ብለውሃል?” አሉኝ።

“ብለውኛል።”

“እንግዲያው ዝውውር ነው። የምትሄድበት አገር መንገድ ቢኖረው ጥሩ ነበር።”

ሚስቴ ያን ቀን ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። እኔም በአምስተኛው ቀን፣ ሐሳቤ ዝውውሩ ላይ ሆኖ፣ የማንኪራ ቀበሌን የማር ዜና ጽፌ አቀረብኩ። ጋሽ አድማሱ አነበቡት። የአንገታቸው ሥር ተነሣ። ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ደግመው አነበቡት።

“አንተ ደንቆሮ፣” አሉ በመጨረሻ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ፤ “የማንኪራን ማር ማን ፈቅዶልህ ነው ሺሺንዳ የወሰድከው?”

እትዬ ብርቄ ከበሩ ውጭ “ተመስገን” ሲሉ ሰማሁ።

ቤቴ እየሮጥኩ ገባሁ። “ዕቃውን ፍቺ፣” አልኳት ሚስቴን፤ “ተሰድቤአለሁ።”