ፊት ወደ በር!

ቤተሰብ ለፎቶ ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ከንፈሩ እስኪደርቅ ሲጠብቅ፣ "ቆዩ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ብሎ ሁሉንም ከቦታው የሚያንቀሳቅስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቦንጋ፣ እነ ፀደንያ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ሣህሌ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ቤት መብራት የዘረጉት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ፎቶ ከተባለ አምፖል ጠላታቸው ነው። "አምፖል ለእራት ነው፤ ለፊት በር ይሻላል" ይላሉ። ትእዛዙ ይከተላል፦ "ፊት ወደ በር!"

ኢድ ዕለት እነ ሀጂራ ቤት ጠረጴዛውን ከነምግቡ እስከ ደጃፉ አስጎትተዋል። ሾርባው ላይ የጣሪያ ውሃ ሲንጠባጠብበት፣ ደመና ያለ ቀን ብርሃኑ ለስላሳ ነው ብለው ባለቤቶቹን አጽናኑ። አንድ ምርቃት ላይ መጋረጃ ገለጥ ላድርግ ብለው ከነብረቱ አወረዱት። የሰው ስልክ ሲቀበሉ መጀመሪያ ሌንሱን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ግማሹ ጨለማ የጣታችሁ ቅባት ነው ባይ ናቸው። ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ ሰው ካዩማ፣ ከሰል ሆኖ እንደሚወጣ በሐዘን ያረዱታል።

የጎረቤታቸው ልጅ ፀደንያ ድምፃቸውን እያስመሰለች ጓደኞቿን ስታስቅ ነው ያደገችው። ለሰርጓ ካሜራማን ከነመብራቱ የቀጠረችውም አንድ ቀን እንኳ ከ"ፊት ወደ በር" ለማረፍ ነበር።

የሰርጉ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ከእናቷ ጋር አንድ ደህና ፎቶ። እናቷ እትዬ አልጋነሽ ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አይነሱም። ሰርጉን እንዲያዩ አልጋቸው ሳሎን ጥግ ተዘርግቶላቸዋል እንጂ ወደ አዳራሹ አይሄዱም፤ ልጃቸውን እስከ ሙሽራው አገር እስከ ዋጫም አይሸኙም። ፎቶው አሁን ካልተነሳ ቀረ ማለት ነው።

መብራት ሄደ። የካሜራማኑ ትልቅ መብራትም አብሮ ጠፋ። ፍላሽ ሲተኩስ ቬሎው እንደ አዲስ ቆርቆሮ አንጸባረቀ፤ እትዬ አልጋነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸው ከትራሱ ጥላ ውስጥ ቀረ። ደገመው፤ ያው ነው። ውጭ ሰርገኛው ደርሷል፤ ሽማግሌዎቹ ዝናብ ሳይጥል መንገድ እንጀምር እያሉ ያጣድፋሉ። የሙሽራዋ ሚዜዎች ደግሞ እንደ ወጉ በሩ ላይ ግጥም ብለው ቆመው፣ ሙሽራውን አናስገባም እያሉ ይዘፍናሉ። ወጉ ደመቀ፤ ሳሎኑ ጨለመ።

መስኮቱን የጓሮው እንሰት ሸፍኖታል። ካሜራማኑ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቆረጥ ቢል፣ እትዬ አልጋነሽ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"እንሰቴን ከምትነኩ ፎቶው ይቅርብኝ።"

ፀደንያ እንባዋ ኩሏን ሊያበላሽ ሲል፣ ከአፏ ይወጣል ብላ ያላሰበችው ቃል ወጣ፦ "ጋሽ ሣህሌን ጥሩልኝ።"

መጥራት አላስፈለገም። ክቡርነታቸው ደጅ ላይ፣ ከሚዜዎቹ ማዶ በእግራቸው ጣት ቆመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲያዩ ነበር።

"ብርሃኑን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ" አሏቸው ሚዜዎቹን። "ከልክሉ፤ ወግ ነው። ግን ቁጭ ብላችሁ ከልክሉ።"

ቁጭ ብሎ ሰርገኛ የከለከለ ሚዜ ታይቶ አያውቅም። ልጆቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የበሩ ደፍ ላይ ተደረደሩ፣ ዘፈኑንም ቀጠሉ። በጭንቅላታቸው ላይ ብርሃኑ ዘው ብሎ አልጋው ላይ አረፈ። ሙሽራው ኢያሱና የእሱ ሚዜዎች እንቅፋቱ ማነሱን አይተው እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ ለእነሱም ሥራ ተገኘላቸው፦ ኮታቸውን አውልቀው፣ በነጭ ሸሚዛቸው ከአልጋው ማዶ በጨለማው በኩል እንዲቆሙ ታዘዙ።

"ጋሽ ሣህሌ፣ አስገቧቸው እኮ!" ብላ አንዷ ጮኸች።

"አልገቡም። ግድግዳ ናቸው።"

ግድግዳው እየሳቀ ተሰለፈ። ከሸሚዞቹ የተመለሰው ብርሃን የእትዬ አልጋነሽን ሌላኛውን ጉንጭ አወጣው። ጋሽ ሣህሌ ገብተው የፀደንያን ስልክ ወለወሉ፤ እንዳይንቀጠቀጥ በሶፋው መደገፊያ ላይ አስደገፉ። ካሜራ በነጭ ቬሎ ይታለላል፣ ቬሎውን አይቶ ሰውን ያጨልማል እያሉ፣ ስክሪኑ ላይ የእናትየዋን ፊት በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትንፋሽ ያዙ አሉ። ቤቱ ያዘ፤ ደጅ ያለው ሰርገኛ ሳይቀር ዘፈኑን አቁሞ ያዘ። ጋሽ ሣህሌ ግን አሁንም ያስተካክላሉ።

"ሣህሌ" አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ "ስትጨርስ ቀስቅሰኝ።"

ፀደንያ ሳቋ አመለጣት፤ እናቷም ሳቁ። ያኔ ጠቅ አደረጉት።

በማግስቱ ዋጫ ፀደንያ ፎቶውን ከፍታ የእናቷን ፊት በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። ብሌናቸው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ነጭ በር አለ፤ ከሥሩ የተደረደሩ ጭንቅላቶች፣ ከጎኑ አንድ ያጎነበሰ ሰውዬ። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሳቀችና ዓይኗን ጠረገች።

ወዲያው የኢያሱ አክስቶች ሙሽሪትን ከበው ለፎቶ ተሰናዱ። አምፖሉ በርቷል፤ ስልኮች ተነስተዋል፤ ሁሉም ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል።

"ቆዩ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" አለች ፀደንያ።

ኢያሱ ማንም ሳያዘው ኮቱን አውልቆ ግድግዳ ሆነ።