የቀለበት ኔቡላና ቲቸር ተማም

ጅማ ተቀምጦ ኮከብ መውደድ፣ ወዳጄ፣ በረሃ ተቀምጦ ዋና እንደመማር ነው። ደመናው ሲሄድ ዝናቡ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጭጋጉ። እኔን ግን ማን ይምከረኝ?

ቴሌስኮፕ አለኝ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ መምህር ትቶልኝ የሄደው ነው። ጊንጆ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ተክዬዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይራገማል፤ እኔ ብቻ እልል እላለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ መብራቱን የሚያስጠፋው እሱ ራሱ ነው ብለው አስወርተውብኛል።

የማድነው ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባለውን ነው። ስሙ እንዳያሳስትህ፤ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የለውም። እኔስ ደስታ አይደል የምባለው? ኮከብ ሲሞት አውልቆ የሚጥለው ጋቢ በለው። ስልክ ላይ ስታየው ቀይና አረንጓዴ ነው። በቴሌስኮፕ ግን መስታወት ላይ እፍ ያልክበት እንፋሎት ያህል ነው። ያውም ከታየ!

ታዲያ ለዚህ ምን አስለፋህ ትለኝ ይሆናል። ያስለፉኝ ቲቸር ተማም ናቸው። ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዷን፣ የቀለበት ኔቡላን፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳሉ ስንቱን አስተማሩ፤ በዓይናቸው ግን አንድም ቀን አላዩዋትም። ጡረታ ሲወጡ የዓይን ግፊት ያዛቸው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው አላቸው። ቴሌስኮፑ እጄ የገባው ያኔ ነው። "ሰኔ ላይ አሳይዎታለሁ" ብዬ ማልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? ቀለበቷ ከፍ ብላ የምትወጣው በክረምት ነው፤ ጅማ ደግሞ በክረምት ሰማይ የላትም።

ሰኔ ዘነበ። ሐምሌ ዘነበ። ነሐሴንማ አታንሳብኝ። በየሳምንቱ እየደወሉ ሰማዩ እንዴት ነው ይሉኛል። ደጅ ወጥተው እንዳያዩት አይታያቸውማ! አንድ ቀን ሰማዩ ዛሬም ደመና ነው ብላቸው፣

"ግድ የለም ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም እንደሱ እየደመንኩ ነው" አሉኝ።

ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰማዩ ጠራ። ከሰፈራቸው ከቦሳ ኪቶ በባጃጅ አመጣኋቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ መብራቱም ጠፍቶልኛል። ቀለበቷን ፈልጌ አገኘኋት! ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ዓይናቸውን ወደ ቴሌስኮፑ አስጠጋሁ።

"ትክ ብለው ካዩዋት ትጠፋለች። ገሸሽ አድርገው፣ በጎን ነው የምትታየው" አልኳቸው።

"የኔ ዓይን ጎን የለውም እኮ። ቀድሞ የሄደው ጎኑ ነው፤ መሃሉም እየተከተለው ነው።"

ይህን እንዴት አላሰብኩትም? እሳቸው ግን አልተነሱም። እንዳጎነበሱ ብዙ ቆዩ።

"አየኋት" አሉ።

"ምን ትመስላለች?"

"ግራጫ። ደብዛዛ። ክብ ቢጤ፣ መሃሏ ባዶ።"

ዘልዬ አቀፍኳቸው። እትዬ ዘይነባ ሳይቀሩ በአጥሩ በኩል "ማሻአላህ!" አሉ።

ቲቸር ተማም ቀና ብለው ወደ ድምፄ ዞሩ። ፊቴን በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይቺን ለማሳየት ነው አራት ወር ሙሉ የተሰቃየኸው? እኔ እኮ አንተንም የማይህ እንደዚሁ ነው።"