የሻለቃው ሞት በቀበሌያችን

የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ከሌላው አንባቢ በአንድ ነገር ይለያል፤ ማንንም አያምንም። የፍቅር መጽሐፍ ያነበበ አልቅሶ ይወጣለታል። የታሪክ መጽሐፍ ያነበበ ተከራክሮ ይደክመዋል። የእኛ ቢጤው ግን ምላጭ ሊዋስ የመጣ ጎረቤቱን እንኳ በጎሪጥ ነው የሚያየው። «ለጺሙ ነው? እውነት ለጺሙ ብቻ ነው?» ይላል በልቡ።

እኔ ይህን አመል ይዤ ጂንካ የገባሁት ሁላችንም «ጓድ» በምንባባልበት ዘመን ነው። የጎፋ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ማውጣትና ማስገባት ነበር። መጽሐፍ የሚመጣልኝ በአውሮፕላን ነው። ይህን ስል ትልቅ ሰው እንዳልመስላችሁ፤ ሽንኩርቱም የሚመጣው በዚያው ነበር። አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ የሚያርፈው ዝናብ ካልጣለና ላሞቹ በጊዜ ከተባረሩ ነው። አንድ ጊዜ ሰዎች ጨረቃ ላይ ከተማ ስለ መቆርቆራቸው የሚያወራ ልብ ወለድ ደረሰኝ። መንኮራኩሩ በየሰዓቱ ሲያርፍ፣ ሲነሣ፣ ጭቃ የለ፣ ላም የለ! ደራሲው ጂንካን አያውቃትም ብዬ ዘጋሁት። የስለላ መጽሐፎቹም ቢሆኑ ያስቸግሩኛል። ሰላዩ ከሚሮጥ ባቡር ዘሎ ይወርዳል፣ ሸሚዙ ግን ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሳሙናውን ከየት አገኘው? ለስንት ሰዓትስ ተሰለፈ? አንድም ደራሲ አልመለሰልኝም።

እንዲህ እንዲህ ያለውን አስተያየቴን የምጽፍበት አንድ ደብተር ነበረችኝ። ጉዴን ያፈላችውም እሷ ናት።

በከተማው ውስጥ እንደኔ ያለ አመል የነበራት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የክሊኒኳ ነርስ ሲስተር አስቴር። መጽሐፍ እንዋዋሳለን። በዚያ ሰሞን ራሷ ገና ሳታነበው ያዋሰችኝ መጽሐፍ ስለ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ነበር። ሻለቃው ሻይ ጠጥቶ ይሞታል። የሚጠረጠሩት አራት ናቸው፤ ወጣት ሚስቱ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሐኪሙና የእድሩ ሊቀመንበር። ልጨርሰው ሃያ ገጽ ሲቀረኝ ሲስተር ለክትባት ዘመቻ ወደ ወይጦ ልትሄድ ሆነና መጽሐፏን ከእጄ ነጥቃ መኪና ላይ ወጣች። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ «ገዳዩ ከመካከላችን ነው» ያለበት ቦታ ላይ! ከእኔና ከሻለቃው የቱ የባሰ እንደ ተበደለ እናንተ ፍረዱ።

ከሐሳቤ ሳልመለስ ሕብረት ሱቅ ለሳሙና ተሰልፌ ደብተሬን እባንኮኒው ላይ ረስቻት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት መሥሪያ ቤት መጡና «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። በዚያ ዘመን ለአንድ ጥያቄ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። በመካከላቸው አድርገው ቀበሌ ወሰዱኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማርቆስ ይባላሉ፤ የአሪ ገበሬ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ሳይታሸግ በፊት የመዘምራን መሪ የነበሩ ሰው። ደብተሬን በዚያ ባማረ ድምፃቸው አነበቡልኝ።

«ሻለቃው የሞተው በመርዝ ነው። መርዙ እንዴት እንደሚሠራ ሲስተር አስቴርን ልጠይቃት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ የአንተ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጓድ።»

«ሻለቃውን ማን ገደለው?»

«ገና አላወቅሁም። ሃያ ገጽ ይቀረኛል።»

ጸሐፊው «ሃያ ገጽ ይቀረዋል» ብሎ መዘገበ። ጓድ ማርቆስ ገጽ ገለጡ። ምን ሊያነቡ እንደሆነ ሲገባኝ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ሊቀመንበሩ ይሞታል ብዬ ነበር፤ አልሞተም። ያሳዝናል። ፈገግታው አይጥመኝም።»

ግድግዳው ላይ አንድ ሊቀመንበር በፎቶግራፍ ያዩኛል፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ሌላው ያዩኛል። አገራችን ስንት ሊቀመንበር እንዳላት በትክክል የቆጠርኩት ያን ዕለት ነው።

«ፈገግታዬ ምን ሆነ?» አሉ ጓድ ማርቆስ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ቅርም ብሏቸዋል።

የእድር ሊቀመንበር ነው አልኩ። የየትኛው እድር ተባልኩ። የመጽሐፉ እድር ነው አልኩ። መጽሐፉ የት አለ? ወይጦ። ማን ጋ? መርዙን ልጠይቃት ያልኳት ነርስ ጋ። በአንደበቴ ራሴን እየቀበርኩ መሆኑ ገባኝና «እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» ብዬ ለመንኩ። «ቃሉን ይስጥ» ተባለ።

ቃሌን ሰጠሁ። ሻለቃውን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣ ሻዩን አፍልቼ፣ አጠጥቼ ገደልኩት። የስኳር ካርድ ሊያስመቱ የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ቆሙ፤ ቀጥሎ ገቡ፤ ቀጥሎ ተቀመጡ። ከነሱ መካከል የነበሩት ወይዘሮ ወርቄ፣ ሚስቲቱ ባሏ በተቀበረ በሳምንቱ ጸጉሯን መተኮሷን ስናገር፣ «እሷ ናት! እሷን ያዙልኝ!» ብለው ጮኹ። ጸሐፊው መጻፉን ትቶ አፉን ከፍቷል። ጓድ ማርቆስ ራሳቸው «የሐኪሙን ቦርሳ ለምን አይፈትሹም?» አሉ። «ተፈትሿል፣ ጓድ» አልኩ። «ደግመው ይፈትሹ!»

እንዲህ ስንል በሩ የተቆለፈበት ሳሎን ደረስንና ዝም አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሲስተር አስቴር ወሰደችው።»

ስለ ሊቀመንበሩ ሲነበብ ያላየሁትን ዓይነት ጥላቻ ያን ጊዜ በሰዉ ፊት ላይ አየሁ። ወይዘሮ ወርቄ «ይህን ያህል ሰው ሥራ አስፈትተህ!» አሉኝ። እኔ ቀበሌው መጋዘን እንድቆይ፣ ነርሷም መጽሐፉን ይዛ እንድትመጣ ተወሰነ። ወደ ወይጦ በሚወርድ መኪና ደብዳቤ ተላከ፤ «ስለ ሻለቃው አሟሟት ለሚደረገው አብዮታዊ ምርመራ በእጅዎ ያለውን መጽሐፍ ይዘው በአስቸኳይ እንዲቀርቡ» የሚል።

ሁለት ቀን መጋዘን ውስጥ በባዶ ጆንያዎች ላይ ተኛሁ። ሰዉ በመስኮቱ ብቅ እያለ የሚጠረጥረውን ይነግረኛል። ጠባቂዬ እንኳ ሦስት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። እኔ ግን ስለ ሻለቃው ማሰብ ትቼ ነበር። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትሆናለች እያልኩ ነበር የማስበው።

ሲስተር አስቴር በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሳ፣ ከንፈሯ ደርቆ ደረሰች። መጽሐፉ የታለ ቢሏት አልቅሳ ተናገረች። ደብዳቤውን ስታነብ አንድ እውነተኛ ሻለቃ የሞተ መስሏት ነበር፤ ስለዚህ መጽሐፉን ቀዳዳ፣ ምድጃ ውስጥ ጨምራ፣ ሻይ አፍልታበታለች።

«መጨረሻውን አንብበሻል?» አሉ ጓድ ማርቆስ።

«አርባ ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት።»

እንግዲህ ፋይል ተከፍቷል፤ የተከፈተ ፋይል ደግሞ ገዳይ ሳይገኝ አይዘጋም። ይህን እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እኔም አምንበታለሁ። ጓድ ማርቆስ ስብሰባ ጠሩና ጉዳዩ በመደብ ትንተና ይታይ አሉ። ወጥ ቤቷ ጭቁን ስለሆነች ነፃ ወጣች። ሐኪሙ ላይ ሊፈረድ ሲል ሲስተር አስቴር፣ በዚህ ዓይነት ነገ ክሊኒክ የሚመጣ በሽተኛ አይኖርም ብላ ተከላከለችለት። የእድሩ ሊቀመንበር ስም ሲነሣ ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር፤ በሊቀመንበር ላይ እጅ የሚያነሣ አልተገኘም። የቀረችው ጸጉሯን የተተኮሰችው ሚስት ናት።

«ገዳይዋ ሚስቲቱ ናት የምትሉ?»

እጅ እንደ ጫካ ቆመ። እኔስ? እኔም አወጣሁ። ሴትዮዋን መቶ ሰማንያ ገጽ ሙሉ ሳውቃት አንድ ክፉ ነገር አላየሁባትም። እጄ ግን ከመጋዘን መውጣት ይፈልግ ነበር። ሲስተር አስቴር አየችኝና የእሷንም ቀስ ብላ አነሣች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከአራት ወር በኋላ የዚያው መጽሐፍ ሌላ ቅጂ በአውሮፕላን መጣ። ሃያዋን ገጽ ሣሩ ሜዳ ላይ እንደ ቆምኩ አነበብኩ። ገዳዩ የእድሩ ሊቀመንበር ነበር። ሚስቲቱ ንጹሕ ናት። ልቤ አልችል አለኝ፤ ወይ ድፍረት፣ መጽሐፉን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ።

ጓድ ማርቆስ ሃያውን ገጽ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡ። ከዚያ ተነሥተው ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረዱ፣ የውሳኔውን ቀን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፤ እውነተኛ ሐዘን ባለበት ድምፅም፣

«ምን ይደረግ» አሉኝ፤ «የይግባኝ ጊዜዋ አልፏል።»