በእርሳስ የተመዘገበ ሰው

የተቀመጠበት ቦታ የማይመቸው ሰው የሌለበት አገር የለም። ሠርግ ላይ “ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጣችሁኝ” ብሎ ይነሳል፤ አውቶቡስ ውስጥ ጎማው ላይ ሆንኩ ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ወንበር ይለዋወጣል፤ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ መስኮቱ ጋ ያለውን አልጋ በዓይኑ ይለካል። ሲቀበርም ዝም ብሎ መቀበሩን እጠራጠራለሁ። እኔ ዕድሜ ሰጥቶኝ የዚህን ወገን አለቃ፣ የሁሉንም የበላይ፣ አግኝቼዋለሁ።

ክቡርነታቸው በእኛ ዘንድ “ጋሽ ዝውውር” ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አስተምሬ፣ እሷም ዕድሜዋን በቤተ መጻሕፍት ካርድ ስትደረድር ኖራ፣ ጡረታ ስንወጣ በጋ በጋውን ተራራ ላይ ያለ የድንኳን ካምፕ ኃላፊዎች ሆንን። አርባ ቦታ፣ በየቦታው ቁጥር የተጻፈበት ችካል፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የማገዶ ክምር፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ቢሮም መኝታም የሆነች ጎጆ። “ኃላፊ” የሚለው ማዕረግ አያታልላችሁ። የተማረ ሰው በማለዳ ተነስቶ የተደፈነ ቱቦ ሲጎረጉር የሚጠራበት ስም ነው።

እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ስሙንና የቦታውን ቁጥር መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። በእርሳስ የተጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው በጋ የሳቸውን መስመር አራት ጊዜ ሰርዛ ደልዛ ወረቀቱ ሲበሳባት፣ ከከተማ ላጲስ አስመጣች።

ጋሽ ዝውውር ዕድሜ ልካቸውን ሕንፃ ያሠሩ ፎርማን ናቸው። ረዥም፣ ደረቅ፣ ብቻቸውን የሚመጡ። ድንኳናቸውን ከመትከላቸው በፊት ከሻንጣቸው ውሃ ልክ ያወጣሉ። መሬቱ ላይ ያጋድሙትና ተንበርክከው በውስጡ ያለችው አረፋ መሀል ላይ መቆሟን ያያሉ። አትቆምም። ቀና ብለው ተራራውን ከእግር እስከ ራሱ ይገላምጡትና፣ ይሄ ሲሠራ ተቆጣጣሪ አልነበረም ይላሉ። ከዚያ ወደ ቢሮ ይመጣሉ። ገና ከበሩ ሲደርሱ ቃላቸው ያው ነው፦

“ቅሬታ አይደለም መምህር፤ አስተያየት ነው።”

አራት ቁጥር ላይ ፀሐይ ሳታንኳኳ ትገባለች። አሥራ አንድ ላይ ወንዙ ያወራል፤ ማውራቱንስ ያውራ፣ ወሬውን አይጨርስም። አሥራ ዘጠኝ ከመጸዳጃ ቤቱ በላይ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ወሬ አመላላሽ ነው። ሃያ ሦስት ላይ ጥዱ ፍሬውን አናታቸው ላይ ይጥላል፣ ያውም እያነጣጠረ። ሃያ ስድስት ላይ ጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪም ያንኮራፋ ነበር። ማንኮራፋቱን አልጠሉትም። እየቆመ የሚጀምርበት ጊዜ እኩል እኩል አለመሆኑ ነው ያስቸገራቸው። ከዚያ ስምንት ቁጥር ድረስ ድንኳኑን፣ ታጣፊ ወንበሩን፣ ምድጃውንና ፍራሹን ተሸክሜ ላቤ ጠብ ሲል፣ ውሃ ልኩን አጋድመው አዩና፣ ወደ ሃያ ስድስት ብንመለስ ምን ይመስለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና አስተማርኳቸው። ሰው የትም ቢሄድ ራሱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ጉድለቱ ያለው መሬቱ ላይ ሳይሆን ነፍስ ውስጥ ነው አልኳቸው። በዚህ ርዕስ ላይ ስናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፀጥ ይልልኝ ነበር። ጋሽ ዝውውርም ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“እውነትዎን ነው መምህር” አሉ። “ግን ነፍሴን አሥራ አራት ቁጥር ብናስገባት ይሻላታል።”

ባለቤቴ ከመዝገቡ ጀርባ ሆና እስኪያስላት ሳቀች። ሳቁ አለቀ፤ ሳሉ ቀረ።

ጎጇችን ጀርባዋን ለቋጥኝ የሰጠች ናት። ፀሐይ የማታውቀው ግድግዳዋ ውሃ ያልበው ነበር፤ አልጋችን ደግሞ ያንን ግድግዳ ተደግፎ ነው የኖረው። በመጀመሪያው በጋ ባለቤቴ አልጋውን ወደ መስኮቱ ብናዞረው ብላኝ ነበር። መስኮቱ ጋ የእኔ የንባብ ጠረጴዛ አለ። ያንኑ የነፍስን ነገር ለሷም አስተማርኳት። እሷ እንደ ጋሽ ዝውውር አይደለችም፤ አንዴ ጠይቃ ዝም ትላለች። እኔም ዝምታዋን ስምምነት ብዬ ተረጎምኩት። እንዲህ ያለ ስህተት የተማሪ ወረቀት ላይ ባገኝ ዜሮ እሰጥ ነበር።

በሦስተኛው በጋ ሐኪሙ ሳንባዋ መጎዳቱን ነገረን። ወይ ደረቅ ቦታ ትተኛ፣ ወይ ከተራራው ትውረድ አለ። እሷ መውረድ አልፈለገችም፤ በጋውን ልጨርሰው አለች። የካምፑ ደንብ ደግሞ ኃላፊዎች እንግዳ በሚበዛበት ወቅት የእንግዳ ቦታ ላይ እንዳያድሩ ይከለክላል። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝና ዕቃ መጠቅለል ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ተአምር ሆኖ ነበር። ጋሽ ዝውውር ሠላሳ አንድ ቁጥርን አገኙ። ፀሐይዋ ቀስ ብላ ትገባለች፣ ነፋሱን ቋጥኝ ይመልሰዋል፣ ወንዙ ካላዳመጡት አይሰማም። አረፋዋም መሀል ላይ ቆመች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቢሮ አልመጡም፤ ባለቤቴ ለሳቸውም እስክሪብቶ ታንሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአሥረኛው ቀን በሩ ላይ ሳያቸው እጄ ወደ ላጲሱ ሄደ። እሳቸው ግን የተጠቀለለውን ዕቃ አዩ፤ ወዴት እንደሆነ ጠይቀው ከባለቤቴ ሰሙ። አልፈውኝ ገቡና መዳፋቸውን አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። መዳፋቸውን አሸተቱት።

“ይሄን ግድግዳ ማነው የተረከበው?”

እኔ ነኝ አልኩ። ስንት ጊዜ ሆነው አሉ። ሦስት በጋ አልኩ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

“መምህር፣ ይሄ አስተያየት አይደለም። ቅሬታ ነው።”

ደንቡን ነገርኳቸው። መዝገቡ ላይ ሠላሳ አንድ በሳቸው ስም ይቆይ አሉ፤ እትዬ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ። አልጋችንን ከግድግዳው አላቀው መስኮቱ ጋ ለማድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም፤ እኔ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን ነገር። ባለቤቴ በጋውን ሠላሳ አንድ ላይ፣ በደረቅ መሬት፣ ፀሐይ እየሞቀች ጨረሰች። ጋሽ ዝውውር የሚያልበው ጎጆ ውስጥ ከረሙ። በሩ ያላዝናል፣ ጣሪያው ተንጋዷል፣ ወለሉ ያለቅሳል እያሉ በየማለዳው ነገሩን። ልዛወር ግን አንድ ቀን አላሉም።

ዘንድሮ ብቻዬን ነው የወጣሁት። ባለቤቴ ከተማ፣ ልጃችን ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። አየር የሚሰጣት ማሽን አለ፤ ቱቦው ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ያደርሳታል፣ ስድስት እርምጃ። አልሄድም ብዬ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ስቆዝም ከማሽኑ አየር ላይ እንደምሻማት ነግራኝ አባረረችኝ። ስልክ የሚይዘው በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት እዚያ ላይ ቆሜ እደውላለሁ።

ጋሽ ዝውውር በመጡ ቀን ነገርኳት። ድምፅዋ በራ።

“የት ገቡ?”

“ሠላሳ አንድ።”

በማግሥቱም ዛሬስ አለችኝ። እዚያው ናቸው አልኩ። በሦስተኛው ቀን እዚያው። እውነትም ዘንድሮ ጉልበታቸው ከድቷቸው በከዘራ ነው የመጡት፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበራቸው አይነሱም።

“አሟቸው ነው?” አለች በአራተኛው ቀን። ከዚያ ትንሽ ተነፈሰች። “ሲዛወሩ እኔም አብሬያቸው እዞር ነበር እኮ። አሥራ አንድ ሲገቡ ወንዙን እሰማለሁ ብዬ…”

በአምስተኛው ቀን አልጠየቀችም። መድኃኒቱን ውጣለች፣ ልጃችን ደህና ናት፣ እኔም እንዳይበርደኝ፤ ይህን ብቻ ነገረችኝ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። አንዴ ተሳስቼ ተርጉሜያታለሁ።

ልዋሻት አሰብኩ። ዕድሜዋን ሙሉ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከነመደርደሪያው ስታውቅ የኖረች ሴት ግን በቦታ ቁጥር አትታለልም። ሠላሳ አንድ ቁጥር ሄጄ ለጋሽ ዝውውር ሁሉንም አወራኋቸው። ምንም አልለመንኳቸውም። ጉልበታቸውን ቅባት እየቀቡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ሰሙኝና የቅባቱን ክዳን ገጠሙ። የታመመ ሰው ላይ ሌላ በሽታ አራግፌ እንደመጣሁ እየተሰማኝ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ማለዳ ጎጆው በር ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ላይ ከዘራ፣ በብብታቸው ውሃ ልኩ።

“ቅሬታ አይደለም መምህር፤ አስተያየት ነው። ሠላሳ አንድ ላይ ትንሽ ይነፍሳል።”

የጥዱ ቅጠል አንዱም አይንቀሳቀስም።

የት ይሻልዎታል አልኳቸው። ከአራት እንጀምር አሉ። የባለቤቴን እርሳስ አነሳሁ፤ አልቆ የጣት አንጓ አክሏል። ዕቃቸውን በሦስት ምልልስ ተሸከምኩ፣ እሳቸው በአንድ ምልልስ ከኋላዬ ደረሱ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ እያቃሰቱ፣ ተንበረከኩና ውሃ ልኩን አጋደሙ። አረፋዋ ሸሽታ ጥግ ገባች።

“ጠማማ ነው” አሉ፣ ደስ ብሏቸው። “ለነገ አሥራ አንድን ይያዙልኝ።”