የጋሼ ቀለመ ወርቅ ጥያቄ

ሥልጠና ባለበት አገር ሁሉ፣ የሰው ዕቅድ ሲያይ እጁን የሚበላው አንድ ሰው አይጠፋም። ንፋስ መውጫ ላይ ይህ ሰው ጋሼ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። በደመወዝ የግብርና ባለሙያ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሹመት ደግሞ «ሊቀ ሥልጠናት»። ሹመቱን የሰጧቸው ዕቅዳቸው የተመለሰባቸው ሁሉ ናቸው።

ዕቅድ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና፣ «መልካም። ሠልጣኞቹ ነገ ጠዋት በእጃቸው ምን ይሠራሉ?» ይላሉ። «ግንዛቤ ይጨብጣሉ» ያለ ሰው ወዮለት። «እጀታው በየት በኩል ነው?» ይሉታል። አንድ ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲመክሩ ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው፣ ሙሽራው ሲስቅ ሽማግሌዎቹ እስከ ፋሲካ አኩርፈዋቸዋል።

መሰረት ዛሬ ራሷ ሥልጠና ታስተባብራለች። ያኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቷ፣ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ስለሚገድለው አየር የማያስገባ ከረጢት ገበሬዎችን እንድታሠለጥን ታዘዘች። ሃምሳ ስምንት ስላይድ አዘጋጀች፤ ለጋሼ ቀለመ ወርቅ ግን እያወቀች ሳታሳይ ሄደች። «ገባችሁ?» አለች። «በሚገባ!» አሉ ገበሬዎቹ፤ አጨበጨቡም።

ከአራት ወር በኋላ ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ እማማ ብርቄ፣ ከረጢታቸውን ተሸክመው ቢሮ መጡ። ባቄላው ዱቄት ሆኗል።

«እንዳልሽን አሽጌው ነበር እኮ ልጄ።»

«በምን አሰሩት?»

«ምን ማሰር አለ? በጆንያ መርፌ ጥብቅ አርጌ ሰፋሁት እንጂ!»

በጋይንት ጆንያ የሞላ ሰው ይሰፋል፤ አባቱም ሰፍቷል። ስላይዱ «ያሽጉ» ብሏል፣ እሳቸውም አሽገዋል። መርፌው ግን ለነቀዙ መስኮት ከፈተለት።

በሁለተኛው ሳምንት መሰረት ስማዳ ላይ ሌላ ሥልጠና ነበረባት። ያም እንዲሁ ከተበላሸ ከረጢቱን ዳግመኛ የሚነካው የለም፤ የከርሞው ባቄላም የነቀዝ ነው። እያፈረች ጋሼ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ገባች።

አልገሠጿትም። ከስላይዶቹ አንዲት ሥዕል ብቻ አስቀሩ። «ቤተ ልሔም ዜማ ስማር የኔታ ‹ገባህ?› ብለውኝ አያውቁም። ‹በል› ይሉኛል፤ ስሳሳት ይሰማሉ፤ ከዚያ ያርሙኛል። አንቺም አትከልክያቸው። መጀመሪያ ይስፉ!»

ስማዳዎች ባዶ ከረጢት በአየር ነፍተው አፉን ሰፉት። «አሁን ተጫኑት፤ ጉንጫችሁን አስጠጉ» አለች መሰረት።

«ኧረ ይሄ ነገር ይተነፍሳል!» ብሎ ፈንታ የሚባል ገበሬ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እንዳንተ አርጅቶ ነዋ!» አሉት፤ ሳቁ።

ከዚያ አፉን ጠምዝዘው፣ አጥፈው በሲባጎ አሰሩት። ፈንታ በጉልበቱ ተጫነው፤ ዝም። ያሰረ ሁሉ ላላሰረው አሳየ። ከስድስት ወር በኋላ የፈንታ ከረጢት ሲፈታ ባቄላው እንደ ገባ ወጣ። መሰረት ከዚያ ወዲህ ሲባጎ በነካች ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ትላለች።

ባለፈው ሰኔ ጋሼ ቀለመ ወርቅ ጡረታ ወጡ። ጋቢ ተደረበላቸው፤ ንግግሩም ረዘመ። ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን ሰቀሉ።

«ሁሉም መልካም ነው። እኔስ ነገ ጠዋት በእጄ ምን እሠራለሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሰረት ግን አልሳቀችም፤ ጥያቄው የምራቸው እንደ ሆነ ገብቷታል። በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ነገ እስቴ ሥልጠና አለብኝ። መኪናው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ሲባጎውን እርስዎ ይያዙልኝ።»

ጋሼ ቀለመ ወርቅ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጉት።

«መጀመሪያ» አሉ፣ «ዕቅዱን አሳዪኝ።»