ሀዲይኛ እስኪጨመር

አፕ እስኪያስተምርለት ድረስ ልጁን በገዛ ቋንቋው የማያናግር አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ጆሃንስበርግ ብዙ አይቻለሁ፤ የባሰው ግን ወዳጄ ኤርምያስ ነው። ከከተማዋ ወጣ ባለችው ቴምቢሳ ሱቅ አለው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሀዲይኛ ሲናገር ያስቀናል። እዚህ ከተወለደችው ልጁ ከቤቲ ጋር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ለምን አታስተምራትም?» ስለው፣ «እኔ መምህር ነኝ እንዴ? በሥርዓቱ መማር አለባት» ይለኛል። ስለዚህ የቋንቋ መማሪያው አፕ ሀዲይኛን እስኪጨምር ይጠብቃል። አፑ እንደሆነ መጨመር አይሰለቸውም። ሰሞኑን ደግሞ ለፊልም ተብሎ የተፈጠረ፣ አንዲትም እናት ልጇን አባብላበት የማታውቅ ቋንቋ ጨመረ። ኤርምያስ ይህን ሰምቶ «ተራችን እየደረሰ ነው!» አለኝ። ምን ይባላል?

እሁድ ከቸርች መልስ ቤቱ ቁጭ ብለን ሳለ እናቱ ከሆሳዕና በቪዲዮ ደወሉ። ቤቲ ስልኩን ተቀብላ «ሳውቦና ጎጎ!» አለቻቸው፤ በዙሉ «ሰላም አያቴ» ማለቷ ነው። አሮጊቷ ወደ ስልኩ ተጠግተው አዩዋት። ከዚያ በሀዲይኛ መናገር ጀመሩ፤ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝና ሰማሁ።

«ልጄ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ፊትሽ ሲጠፋብኝ በድምፅሽ እንድለይሽ፣ እባክሽ ትንሽ አውሪኝ።»

«ዳዲ፣ ምን አለች?» አለች ቤቲ በእንግሊዝኛዋ።

ኤርምያስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃይ ትልሻለች።»

«ኦ! እኔም ሃይ ብያለሁ በላት» አለችና ስልኩን መለሰችለት።